ቀንበርና መጅ፦ ቀላል መሣሪያዎች የማንን ሥራ አቀለሉ?

የፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት ስለ ቀላል ማሽኖች ሲያስተምሩ አብዛኛውን ጊዜ ማሽን ሥራን ያቀላል ብለው ይጀምራሉ። አባባሉ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ያልፋል። ሥራው የሚቀለው በምን ልዋጭ ነው? የሚቀለውስ ለማን ነው? የመጀመሪያውን ጥያቄ ሜካኒክስ ከመለሰው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሁለተኛው ግን ከቤተ ሙከራ ይልቅ በማሳና በጓዳ የሚመረመር ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖር ገበሬ ቤተሰብ እህሉን ከማሳ እስከ ምጣድ የሚያደርስበት ጉዞ ለዚህ ምርመራ እጅግ የተመቸ ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ቀንበርና መጅ ለብዙ ምዕተ ዓመታት ጎን ለጎን ኖረዋልና።

በቀላል ማሽንነት የሚመደቡት ስድስት ናቸው፦ መፈንቀያ፣ መንኮራኩር ከነዘንጉ፣ መዘውር፣ ተዳፋት፣ ሽብልቅና ብሎን። መልካቸው ቢለያይም የሚገዛቸው ሕግ አንድ ነው። ሥራ ማለት ጉልበት በርቀት ተባዝቶ የሚገኝ ውጤት ነው፤ ማሽንም ይህን ብዜት ሊያሳንሰው አይችልም። ጉልበቱን በግማሽ ከቀነሰ ርቀቱን በእጥፍ ያስከፍላል። ጋሊልዮ በ1600 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ስለ ሜካኒክስ በጻፈው ድርሳን፣ ተፈጥሮን በማሽን ማታለል እንደማይቻል ያስረዳው በዚሁ መንገድ ነው። እንዲያውም ሰበቃ የሚወስደው ድርሻ ስላለ፣ በማሽን የሚሠራ ሰው በጠቅላላው የሚያወጣው በባዶ እጁ ከሚሠራው በጥቂቱ ይበልጣል።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? መልሱ በአንድ የውሃ ጉድጓድ ላይ በግልጽ ይታያል። የጉድጓዱ ጥልቀት 15 ሜትር ነው እንበል። በአፉ ላይ ገመድ የሚጠቀለልበት ድቡልቡል ግንድ ተጋድሟል፤ ግንዱ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ማዞሪያው ክንድ ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ ባልዲ ከዚህ ጉድጓድ ሲወጣ በእጅ ላይ የሚያርፈው ክብደት የ5 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይሆናል። በአንጻሩ ባልዲው 15 ሜትር እስኪወጣ ድረስ እጅ በክብ መንገዱ 60 ሜትር ይጓዛል፤ 24 ዙር ያህል መሆኑ ነው። ሒሳቡ ኪሳራም ትርፍም የለበትም። ሰውነት ግን እንደ ሒሳብ አይደለም። ሃያ ኪሎ ግራም በገመድ ስባ ልታወጣ የማትችል የ12 ዓመት ልጅ፣ አምስት ኪሎ ግራምን ስድሳ ሜትር ማዞር አያቅታትም። ማሽኑ ሥራውን ከቦታው አላጠፋውም፤ ቆራርጦ በሰውነት ልክ አቀረበላት እንጂ። ከግንዱ ይልቅ አንድ ቋሚ መዘውር ብቻ ቢሰቀል እንኳ ክብደቱ ባይቀንስም ሰው ወደ ላይ ከመጎተት ወደ ታች ወደ መሳብ ይዞራል፤ የገዛ ሰውነቱ ክብደትም ያግዘዋል። እንግዲህ የአንድ መሣሪያ ዋጋ የሚለካው በሚቀንሰው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ርቀቱን ማን እንደሚከፍል፣ በየትኛውስ የሰውነት ክፍል እንደሚከፍል አብሮ መታየት አለበት።

በዚህ ዓይን ሲታይ የደጋው ማረሻ የረቀቀ ስብስብ ነው። አፈሩን የሚሰነጥቀው ብረት ራሱ ሽብልቅ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ድግሮች ስንጥቁን ያሰፉታል፤ ወገል የሚባለው የብረት ቀለበት ክፍሎቹን አጥብቆ ይይዛል፤ ሞፈሩ ከማረሻው ተነሥቶ እስከ ቀንበሩ ይረዝምና በምራን ይታሰራል። እርፉ መፈንቀያ ነው። ገበሬው ረጅሙን ክንድ በእጁ ይዞ በጥቂቱ ሲያዘነብለው፣ ከመሬት በታች ያለው አጭሩ ክንድ በተቃራኒው ይንቀሳቀሳል፤ የትልሙ ጥልቀት በዚህ ይወሰናል። በሬዎቹ የሚያወጡትን ትልቅ ጉልበት አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚመራው፣ ሌላውን እጁን ለጅራፍ የሚያተርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀንበሩም ቢሆን በሁለት አንገት ላይ የተጋደመ ተራ እንጨት አይደለም፤ መሐሉ ላይ የሚታሰር ሚዛን ነው። በሁለቱ በሬዎች አንገት መካከል ያለው ርቀት 120 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ ማሰሪያው ከመሐል 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ብርቱው በሬ ቢጠጋ፣ ብርቱው ከጭነቱ 58 በመቶ፣ ደካማው 42 በመቶ ይስባል። ይህን ለማስተዋል የፊዚክስ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ አንዱ በሬ ቀድሞ ሲደክም ማየት ይበቃል።

ከዚያም ርቀቱ ይመጣል። ማረሻው አፈርን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ በትልምና በትልም መካከልም ያልተነካ መሬት ይተዋል። ስለዚህ ከገመሳው በኋላ ማሳው በመስቀለኛ አቅጣጫ ደግሞ ደጋግሞ ይታረሳል፤ በተለይ ጤፍ የላመ አፈር ስለሚሻ ብዙ እርሻ ይፈልጋል። ትልሞቹ በ25 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ አንድ ሄክታር መሬት አንድ ጊዜ ለማረስ የሚሄዱት ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አራት ጊዜ ከታረሰ 160 ኪሎ ሜትር ነው። ቀላልና ቀጭን ሽብልቅ በሁለት በሬ አቅም የሚጎተት ሆኖ የተሠራው በዚህ ዋጋ ነው፤ በአንድ ጊዜ ጠልቆ የሚገለብጥ ከባድ ማረሻ ቢሆን ርቀቱ ባጠረ፣ ጉልበቱ ግን ከጥማዱ በላይ በሆነ ነበር። ገበሬውም ይህን ሁሉ ርቀት ከበሬዎቹ ኋላ በእግሩ ይሄደዋል። ስለዚህ የሚቀጥለው ንጽጽር የእርሱን ድካም ለማቃለል የታሰበ አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ በማሳው ላይ ትልቁን ጉልበት የሚያወጣው የሰው ሰውነት አይደለም። በአውድማም በሬዎቹ እየዞሩ ያበራያሉ፤ ሰው በመንሽና በላይዳ ገለባውን ከፍሬው ይለያል፤ ነፋስም ያግዛል።

እህሉ ከአውድማ ወደ ጓዳ ሲገባ ግን በሬውም ነፋሱም በር ላይ ይቀራሉ።

የጓዳው ወፍጮ ሁለት ድንጋይ ነው። ትልቁ ከድንጋይና ከጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ከፈጪዋ ወዲያ ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ ትንሹ፣ መጁ፣ በሁለት እጅ ተይዞ ወደ ፊት ይገፋል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወፍጮው ዘንበል ማለቱ ራሱ ተዳፋት ነው፤ የሰውነቷ ክብደት ለመግፋቱ ያግዛታል፣ ዱቄቱም ወደ ታች ይወርዳል። ድንጋዩ ሲልም በየጊዜው መወቀር አለበት፤ ይህም ሙያ ነው። ስለሆነም መሣሪያው ያለ ብልሃት የተሠራ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን እጅ አንድ ስንዝር ሲሄድ መጁም አንድ ስንዝር ይሄዳል፤ እጅ የሰጠው ጉልበት ሳይበዛ ሳይቀንስ እህሉ ላይ ያርፋል። በመሣሪያዎች ቋንቋ ብልጫው አንድ ነው። መጁ በአንድ ግፊት 40 ሴንቲ ሜትር ሄዶ ቢመለስ፣ በደቂቃም 60 ጊዜ ቢገፋ፣ እጆቿ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይመላለሳሉ። ማረሻው በርቀት እየከፈለ ጉልበትን ያተርፋል፤ በወፍጮው ላይ ግን ርቀቱም ጉልበቱም ከአንድ ወገብ፣ ከሁለት ትከሻና ከሁለት ጉልበት ይከፈላል። እህሉ አንድ ጊዜ ተሸርክቶ አይበቃም፤ ልም ዱቄት እስኪሆን ይመለሳል። ማረስ ወቅት አለው። መፍጨት ወቅት የለውም፤ ቤተሰቡ በሚበላበት ቀን ሁሉ የሚጠብቅ ሥራ ነው።

ከ2,000 ዓመታት በፊት በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚዞር ወፍጮ በሥራ ላይ ነበር። ሁለት ክብ ድንጋዮች ተደራርበው፣ የላይኛው በጠርዙ ላይ በተተከለ እጀታ ይዞራል። ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም ውጤቱ ብዙ ነው። አንደኛ፣ እጀታው ከመሐሉ በራቀ ቁጥር ለማዞር የሚፈለገው ጉልበት ያንሳል። ከዚህ የሚበልጠው ግን የእንቅስቃሴው ዓይነት ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለስ ሥራ ለእንስሳ አይጠመድም፤ ለሰው እጅ ብቻ የተበጀ ነው። ክብ እንቅስቃሴ ግን ባለቤቱን ሊለውጥ ይችላል። ዛሬ ሴት የምታዞረውን ነገ አህያ፣ ከነገ ወዲያ ወንዝ ሊያዞረው ይችላል፤ በሮማውያን ዘመን የሆነውም ይኸው ነው። መጁ ላይ ያለችው ሴት ግን ቦታዋን ልትለቅለት የምትችለው ሌላ ሴት ብቻ ነበረች።

የሆነውም ይኸው ነው። አቅም ያለው ቤት መፍጨቱን በገረድ ትከሻ ላይ ያደርገው ነበር፤ ባርነት በሕግ እስከተሻረበት እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ በባሪያ ትከሻ ላይ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነገሥታቱ ሠራዊት ሲዘምት እህል የሚፈጩ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ውሃ የሚቀዱ ብዙ ሴቶች አብረው ይዘምቱ ነበር። የጦሩ ፍጥነትና የሰፈሩ ቆይታ በጠመንጃና በፈረስ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ሴቶች መጅ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ይቻላል፤ የታሪክ መጻሕፍት ግን ከመጁ ይልቅ ለጠመንጃው ብዙ ገጽ ሰጥተዋል። አንድ ድካም ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ በሚችልበት ማኅበረሰብ ውስጥ ድካሙን የሚወስድ መሣሪያ የመፈለግ ግፊት የሚላላ ይመስላል። ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ጀርባውን የሚያመው ሌላ ሰው ከሆነ ችግሩ እንደ ችግር አይቆጠርም።

ነገሩን በዕውቀት ማነስ ማሳበብ አይቻልም። ከአክሱም በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጎበድራ የድንጋይ መፈልፈያ ቦታ፣ ለሽብልቅ የተቦረቦሩ ቀዳዳዎች በድንጋዩ ላይ በመስመር ተሰልፈው ዛሬም ይታያሉ። ከዚያ አካባቢ ተፈልፍለው ከቆሙት ሐውልቶች አንዱ ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱም ከ150 ቶን በላይ ነው። ይህ ሐውልት በ1937 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሮም ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ በሦስት ተከፍሎ በግዙፍ የጭነት አውሮፕላን መጓጓዝ ግድ ሆኖ ነበር። የጥንቶቹ ሠራተኞች ጭነትን በተዳፋትና በሽብልቅ መግራትን ጠንቅቀው ያውቁ እንደነበር ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል። ብዙ ዘመን ቆይቶም አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚደርሰው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አካባቢ እስከ መቅደላ በመንኮራኩር ላይ ሆኖ ሲጎተት፣ ገደሉ እየተቆረጠ መንገድ ይሠራለት ነበር። ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ማለት ርቀቱን አርዝሞ ጉልበቱን የሚቀንስ ተዳፋት ነው። ለሐውልትና ለመድፍ የተሠራ ተዳፋት አለ፤ ለእንስራ የተሠራ ግን በቀላሉ አይገኝም።

በሌላ በኩል ሴቶች የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች ሁሉ እንደ መጁ ናቸው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። እንዝርትን መመልከት ይበቃል። እንዝርት መንኮራኩርና ዘንግ ነው፤ ግን የሚሠራው ከጉድጓዱ ማዞሪያ በተገላቢጦሽ ነው። የእንዝርቱ ዘንግ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረውና ፈታይዋ በጭኗ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብታንከባልለው፣ በአንድ እንቅስቃሴ አሥር ዙር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እዚህ ላይ ጉልበት ብርቅ አይደለም፤ የሚፈለገው ፍጥነት ነውና ጉልበት ተከፍሎ ፍጥነት ይገዛል። በሥሩ የተሰካው ክብ ደግሞ እጅ ከለቀቀውም በኋላ መሽከርከሩን ያስቀጥላል። ይህን የመሰለ ብልህ መሣሪያ በአንድ እጅ ተይዞ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ልጅ እየጠበቁ ይሠራበታል። ነገር ግን ክሩ ወደ ሸማኔው ሲሄድ እንደገና ያው ልዩነት ይታያል። ሸማኔው በጉድጓዱ ጠርዝ ተቀምጦ በእግሩ መርገጫ ሲረግጥ የድሩ ክር ከፍና ዝቅ ብሎ ይከፈትለታል፤ ሁለት እጆቹ ለመወርወሪያው ነጻ ናቸው። እግርንና እጅን በአንድ ጊዜ የሚያሠራው ይህ መፈንቀያ የወንዱ መሣሪያ ሆኖ ኖረ። ለአንድ ሸማኔ ክር ለማድረስ ብዙ ፈታዮች የሚያስፈልጉትም ከሁለቱ መሣሪያዎች የፍጥነት ልዩነት የተነሣ ነው።

የመጁን ረጅም ዘመን የሰበረው የሞተር ወፍጮ ነው። ወፍጮ ቤት በደረሰበት አካባቢ በእጅ የሰዓታት ሥራ የነበረው በደቂቃዎች ያልቃል፤ ከገጠር ሴቶች ኑሮ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ድካም ያነሣ ሌላ መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ርቀቱ በዚህም አልጠፋም፤ መልኩን ለወጠ። ወፍጮ ቤቱ 3 ኪሎ ሜትር ቢርቅና የሚፈጨው እህል 25 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ጓዳ ውስጥ በክንድ ይከፈል የነበረው አሁን መንገድ ላይ በጀርባ ይከፈላል፤ ዱቄቱም ሲመለስ እንዲሁ። ወረፋው ደግሞ በላዩ አለ፤ መብራት የጠፋ ወይም ናፍጣ ያለቀ ዕለት እህሉ ሳይፈጭ ይመለሳል። አህያ ያለው ቤት ይህን ዕዳ በቀላሉ ይወጣዋል። አህያ የሌለው ቤት ሞተሩን ቢያገኝም መንኮራኩሩን አላገኘም።

የውሃው ነገርም ተመሳሳይ ነው። በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የተተከለው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ግሩም መፈንቀያ ነው፤ እጀታው ረጅም ስለሆነ ልጆችም ይሠሩበታል፤ ሲነደፍም የመንደሩ ሰው በጥቂት መሣሪያ ራሱ ሊጠግነው እንዲችል ታስቦ ነው። ነገር ግን የፓምፑ ብልጫ የሚያበቃው አፉ ላይ ነው። ውሃው ከመሬት በታች ያለውን መንገድ በመፈንቀያ ወጥቶ፣ ከመሬት በላይ ያለውን ረጅሙን መንገድ በገመድ በታሰረ ጀሪካን በጀርባ ላይ ይሄዳል። ንድፍ አውጪዎች የእጀታውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ሲለኩ ከፓምፑ እስከ ቤት ያለውን ርቀት የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ አድርገው የሚተዉት ለምን እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል። ለተጠቃሚዋ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው።

በእጅ የሚገፋ ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ይህን ርቀት ለመቀበል የሚችል ከሁሉ የቀለለ መሣሪያ ነው። ጋሪው መንኮራኩርም መፈንቀያም ነው፦ ሦስት ጀሪካን ውሃ፣ ማለትም 60 ኪሎ ግራም፣ ከጎማው ዘንግ በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍና እጀታው በ120 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያዝ፣ እጅ የሚያነሣው 20 ኪሎ ግራም ብቻ ይሆናል፤ የቀረውን መሬት ይሸከመዋል። በአንድ ጀርባ ሦስት ጉዞ የነበረው አንድ ጉዞ ይሆናል። በከተሞች ዳርቻ ውሃና የወፍጮ እህል በጋሪ ሲመላለስ ይታያል። ጋሪውን የሚገፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ወንድ ነው፤ ለድካሙም በጀሪካን ቁጥር ይከፈለዋል። በዚያው መንገድ ያንኑ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ወደ ቤቷ የምትወስደው ሴት የምትቀበለው ሒሳብ የለም። ጎማ ሲገባ ሥራው ቀለለ፤ ዋጋም ወጣለት፤ ሠሪውም ተለወጠ። ለሴቲቱ መንገዱ የሚያጥርላት፣ ጋሪው በቤቷ ደጃፍ የቆመ እንደሆነ፣ እጀታውም በእርሷ ቁመት ልክ የተሠራ እንደሆነ ነው።